ጥላን መስፈር፦ የጨረቃ ተራሮች ቁመት ከፎቶግራፍ እንዴት ይነበባል?

ኅዳር ላይ ዝናቡ አባርቶ አየሩ ሲጠራ ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው ዝቋላን ያገኘዋል። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኩለ ቀን ላይ ተራራው ከአድማሱ ጋር የተለጠፈ ግራጫ ቅርጽ ብቻ ነው፤ የት ላይ እንደሚያብጥ፣ የት ላይ እንደሚሰረጉድ ዓይን አይለየውም። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ ከጎን ስታበራው የቀኙ ፊት ይደምቃል፣ የግራው ይጠቁራል፣ መሃል ላይ ተደብቀው የዋሉት ሸንተረሮችም አንድ በአንድ ይወጣሉ። ተራራው ያው ተራራ ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ የሚመጣበት ማዕዘን ነው።

ይህንኑ በቅርብ ማየት የሚሻ በዚያው ክፍለ ከተማ ካሉት የብሎኬት ማምረቻ ግቢዎች ወደ አንዱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብቅ ይበል። እሳተ ገሞራ የተወው ባለ ቀዳዳ ቀይ ጠጠር፣ ሠራተኞቹ ሬድ አሽ የሚሉት፣ ጥግ ላይ ተከምሮ ይገኛል። በዚያ ሰዓት የክምሩ ገጽ ሁሉ ይነበባል፤ አካፋ የቆረጠው ጠርዝ፣ ጠጠሩ እየተንሸራተተ የወረደበት ቦይ፣ ላዩ ላይ የወጣ ሠራተኛ የቦቲ ዱካ፣ አንዲት የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጠጠር ከኋላዋ የዘረጋችው የስንዝር ጥላ። 6 ሰዓት ላይ ያው ክምር አንድ ወጥ ቀይ ነገር ይሆናል። ዱካውም ቦዩም እዚያው አሉ፤ ግን አይታዩም።

የዚያኑ ዕለት ጨረቃ ግማሽ ላይ ደርሳ ከሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ አናት ተጠግታ ትገኛለች። በርቀት መነጽር የሚያያት ሰው ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ክምሩ ላይ ያየውን ሁሉ ያገኛል። እዚያ መስመር ላይ ገና ፀሐይ እየወጣች ነው፤ ጥላዎች ረጃጅም ናቸው፣ ጉድጓዶች ጠርዛቸው ይበራል፣ ሆዳቸው ይጨልማል። ሰው ጨረቃን ከመርገጡ ከ350 ዓመት በላይ አስቀድሞ የተራሮቿን ቁመት የለካው በዚህ መስመር ላይ ነው። ዛሬም በሌዘርና በመንኮራኩር ዘመን፣ የጨረቃ ካርታ ሠሪዎች የጥቃቅን ጉብታዎችን ከፍታ ለማወቅ ወደ ጥላና ወደ ብርሃን ድምቀት ይመለሳሉ።

ከጫማ እስከ ጨረቃ

ጥላን መለኪያ ማድረግ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። የእጅ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ካህናቱ የቅዳሴንና የጾም መፍቻን ሰዓት የሚያውቁት የገዛ ጥላቸውን በእግር ጫማ ሰፍረው ነበር። በባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ ለየወሩና ለየሰዓቱ የጥላው ርዝመት ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚዘረዝሩ ሰንጠረዦች አሉ። የዚህ ዘዴ ብልኃት ሊደነቅ ይገባዋል። ረጅም ሰው ጥላው ረጅም ነው፣ ጫማውም ትልቅ ነው፤ አጭር ሰው ጥላው አጭር ነው፣ ጫማውም ትንሽ ነው። የሰው ቁመት ከራሱ ጫማ ስድስት ሰባት እጥፍ ስለሚሆን ሁለቱም ሰዎች የሚያገኙት ቁጥር ተቀራራቢ ነው። የሚለካው የሰውየው ርዝመት ሳይሆን በቁመትና በጥላ መካከል ያለው ንጽጽር ነው፤ ያ ንጽጽር ደግሞ ፀሐይ የት ከፍታ ላይ እንዳለች ይናገራል።

የጨረቃ ሊቃውንት ይህንኑ ስሌት ገለበጡት። ካህኑ ቁመቱን ያውቃል፣ ጥላውን ይሰፍራል፣ የፀሐይን ከፍታ ያገኛል። የጨረቃ ተመልካች የፀሐይን ከፍታ አስቀድሞ ያውቃል፤ ምክንያቱም በማንኛውም ሰዓት ፀሐይ በየትኛው የጨረቃ ክፍል ላይ በስንት ዲግሪ እንደምትቆም በስሌት ይገኛል። ጥላውን ከፎቶግራፉ ላይ ይሰፍራል። የሚቀረው ቁመቱ ነው። ፀሐይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ከፍ ብላ 12 ኪሎ ሜትር ጥላ የጣለ ተራራ ካለ ቁመቱ 2.1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አያልፍም።

የጨረቃን ብርሃን በቁጥር መከፋፈልም በዚህ አገር የቆየ ነው። ሙሉው ቅጂ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍሉ ጨረቃ ብርሃኗን ከፀሐይ እንደምትቀበል ይገልጻል፤ እየጨመረች የምትሄደውንም ብርሃን በ14 ክፍል ይቆጥራል። ያ ቆጠራ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። የብርሃኑ ጠርዝ ስለ መሬቱ አቀማመጥ ምን እንደሚናገር ለመጠየቅ ግን ቴሌስኮፕ መምጣት ነበረበት።

ቴሌስኮፑ የመጣው በዚህ አገር አፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1609 መጨረሻ ጋሊሊዮ ጋሊሌ ፓዶቫ ከተማ ሆኖ ጨረቃን ሲያይ በጨለማው ክፍል ውስጥ፣ ከብርሃኑ ድንበር ራቅ ብለው፣ ተነጥለው የሚያበሩ ነጥቦች አገኘ። ነጥቦቹ ከሰዓታት በኋላ እየሰፉ ሄደው ከብርሃኑ ጋር ተቀላቀሉ። ትርጉሙ ወዲያው ገባው፤ ሸለቆው ገና ሌሊት ሳለ የተራራው ጫፍ ፀሐይ ይመታዋል። አቃቂ ገና በጨለማ ሳለች የየረር ተራራ አናት ብርሃን እንደሚያገኝ ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነበር። የበራው ጫፍ ከብርሃኑ ድንበር ምን ያህል እንደራቀ ከታወቀና የጨረቃ ስፋት ከታወቀ የተራራው ቁመት ይወጣል። የጨረቃ ሬዲየስ 1,737 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከድንበሩ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚበራ ጫፍ 2.9 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ጋሊሊዮ ያየው ርቀት ከጨረቃ ዲያሜትር አንድ ሃያኛ ስለሆነ ከአራት የኢጣሊያ ማይል የሚበልጥ ቁመት አገኘ። ቁጥሩ ለአብዛኞቹ የጨረቃ ተራሮች የተጋነነ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1610 ባሳተመው መጽሐፉ የሰማይ አካላት ፍጹም ለስላሳ ሉሎች ናቸው የሚለውን ጥንታዊ እምነት ለመናድ በቂ ሆኗል።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በርሊን ውስጥ ቪልሄልም ቤር የተባለ የባንክ ባለቤትና ዮሐን ሜድለር የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሥራውን ወደ ትዕግሥት ሥራ ለወጡት። ቴሌስኮፓቸው 9.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነበረው፤ ዛሬ አማተሮች የሚገዙት ዓይነት ነው። በዚያች መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1837 ባወጡት መጽሐፍ የ830 የጨረቃ ተራሮችን ቁመት በጥላቸው ለክተው አቀረቡ። ሥራው በገንዘብ ሳይሆን በምሽቶች ብዛት የተሠራ መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

ጥላ የማይደርስበት

የጥላ ልኬት አንድ ድክመት አለው። ጥላ የሚናገረው ስለ ሁለት ነጥቦች ብቻ ነው፤ ስለጣለው ጫፍና ጥላው ስላረፈበት ቦታ። በመካከል ያለው መሬት ጨለማ ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ፣ ዳገቱ ከፀሐይዋ ከፍታ የለዘበ ከሆነ ጥላ አይኖርም። ፀሐይ በ10 ዲግሪ ላይ ሳለች 5 ዲግሪ የሚያዘነብል ጉብታ አንዲት ጥላ አይጥልም። የጨረቃ ሜዳዎች ደግሞ አብዛኛው ነገራቸው እንዲህ ያለ ለስላሳ ጉብታ ነው።

እዚህ ላይ ነው ከጥላ ወደ ድምቀት መሻገር የሚያስፈልገው። ወደ ፀሐይ ያዘነበለ መሬት ከጠፍጣፋው ይልቅ ብዙ ብርሃን ይቀበላል፣ ፊቱን ያዞረው ያነሰ ይቀበላል። በቀላሉ ስሌት ፀሐይ 10 ዲግሪ ላይ ስትሆን 5 ዲግሪ ወደ እርሷ ያዘነበለ መሬት ከሜዳው 49 በመቶ የበለጠ ብርሃን ያገኛል። ፀሐይ 60 ዲግሪ ላይ ስትወጣ ልዩነቱ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ጠዋት የሚነበበው ሬድ አሽ ቀትር ላይ የሚጠፋው በዚህ ቁጥር ምክንያት ነው።

ስለዚህ በፎቶግራፍ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ፣ እያንዳንዷ ፒክስል፣ በድምቀቷ ስለ ዳገቷ ትናገራለች። ዳገቱ ከታወቀ ከፍታው በመደመር ይገኛል። አንዷ ፒክስል 100 ሜትር ብትሸፍንና 5 ዲግሪ ሽቅብ ብታሳይ መሬቱ 8.7 ሜትር ወጣ ማለት ነው፤ ቀጣይዋ 2 ዲግሪ ቁልቁል ብትሆን 3.5 ሜትር ወረደ። እንዲህ ፒክስል በፒክስል እየተደመረ የመሬቱ መልክ ይሠራል።

ሐሳቡን በጨረቃ ላይ በሚገባ ከሠሩበት ቀዳሚዎች አንዱ ሆላንዳዊው ዮሐንስ ቫን ዲጌለን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በጨረቃ ሜዳዎች ላይ ያሉትን ዝቅተኛ የኮረብታ ሰንሰለቶች ዳገትና ቁመት ከድምቀታቸው አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቶማስ ሪንድፍላይሽ በአሜሪካ መንኮራኩሮች ለተነሡ ፎቶግራፎች የሚሆን ስሌት አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በርትሆልድ ሆርን በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ጥያቄውን ለማንኛውም ገጽ የሚሆን የኮምፒውተር ሒሳብ አደረገው። ዛሬ ካሜራ የሰውን ፊት ቅርጽ ከአንድ ፎቶግራፍ ሲገምት ከሚጠቀምባቸው ሐሳቦች አንዱ ከዚህ የጨረቃ ጥናት የበቀለ ነው።

ጨረቃ ለዚህ ሥራ የተመቸች አካል ናት። አየር ስለሌላት ብርሃኑን የሚበትን ጉም የለም፤ ዛፍ፣ ሣር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ የለም። አቃቂ ላይ ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ በዚህ ዘዴ ቢሠራ የፋብሪካው ጣሪያ ገደል፣ የጤፍ ማሳው ተዳፋት ሆኖ ይወጣል። ጨረቃ ግን ከዳር እስከ ዳር በደቃቅ አቧራ ተሸፍናለች።

ያ አቧራ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ስሌቱም በአብዛኛው የሚታገለው ከእርሱ ጋር ነው። ግማሽ ጨረቃ ከሙሉ ጨረቃ እኩሌታ ስለምትበራ ብርሃኗም እኩሌታ ይመስላል። እውነታው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። አቧራው ልቅና ባለ ብዙ ቀዳዳ ስለሆነ ፀሐይ ከጎን ስታበራው እያንዳንዷ ቅንጣት በጎረቤቷ ላይ ጥላ ትጥላለች፤ ዓይን የማይለያቸው ሚሊዮን ጥላዎች ተደምረው ገጹን ያደበዝዙታል። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ስለምትሆን ጥላዎቹ ሁሉ ከየቅንጣታቸው ኋላ ይደበቃሉ፣ ገጿ በድንገት ይደምቃል። ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1963 በሒሳብ ያብራራው አሜሪካዊው ብሩስ ሃፕኪ ነው፤ እርሱ ያወጣው ቀመር እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ያገለግላል። አንድ ሰው ሙሉ ጨረቃን አይቶ ተራራ የሚያጣበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ለዓይን የምታምር፣ ለልኬት ግን የማትጠቅም ናት።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ድምቀት ብቻውን የሚታመን ምስክር አይደለም። አንድ ፒክስል የደመቀው ወደ ፀሐይ ስላዘነበለ ነው ወይስ አፈሩ በተፈጥሮው ነጣ ያለ ስለሆነ? ፎቶግራፉ ራሱ መልስ የለውም። በጨረቃ ምዕራባዊ ሜዳ ላይ ራይነር ጋማ የሚባል ነጭ ጠመዝማዛ ቅርጽ አለ። ለስሌቱ ሸንተረርና ሸለቆ ይመስለዋል። መሬቱ ግን ሜዳ ነው፤ የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው። ሁሉን ድምቀት ወደ ዳገት የሚተረጉም ፕሮግራም እዚያ ላይ የሌለ ኮረብታ ይሠራል።

ሁለተኛው እንቅፋት አቅጣጫ ነው። ብርሃን ከምሥራቅ ሲመጣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ይለያል፤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያዘነበለው ግን እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ያንኑ ቦታ ፀሐይ በተለያየ አቅጣጫ ሳለች ደጋግሞ ማንሣት ያስፈልጋል። ሦስተኛው የስሕተት መከማቸት ነው። በየፒክስሉ የ1 ዲግሪ ስሕተት በአንድ አቅጣጫ ቢደጋገም በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ 17 ሜትር፣ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ድምቀት ጥቃቅኑን ነገር በደንብ ያውቃል፣ ትልቁን ግን ያጣምመዋል።

የሰው ዓይንም ከዚህ ነፃ አይደለም። ዓይን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚገምት ፎቶግራፉ ሲገለበጥ ጉድጓዱ ጉብታ ሆኖ ይታያል። ጥላም ራሱ ያታልላል። ፀሐይ ዝቅ ስትል ለስላሳ ተራራ እንኳ ሹል ጥላ ይጥላል፤ በዚህ ምክንያት ከመንኮራኩር ዘመን በፊት የነበሩ ሠዓሊዎች የጨረቃን ተራሮች እንደ ጦር የሾሉ አድርገው ሣሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካ መንኮራኩር አፖሎ 15 ጨረቃ ላይ ሃድሊ ተራራ ግርጌ ሲያርፍ ጠፈርተኞቹ ያዩት 4.5 ኪሎ ሜትር የሚወጣ፣ ነገር ግን ክብ ትከሻ ያለውና ገጹ የለዘበ ተራራ ነበር። ቁመቱን ጥላው በትክክል ሲናገር ኖሯል። መልኩን ግን ሰዎች ከጥላው ሹልነት በግምት ጨምረውበት ነበር።

ሐምሌ 13 ቀን 1961

አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ ሰው ሊያሳርፉ ሲነሡ ስለ መሬቱ የሚያውቁት በቂ አልነበረም። ከምድር ሆኖ በትልቁ ቴሌስኮፕ እንኳ ከመቶዎች ሜትር ያነሰ ነገር አይታይም፤ መንኮራኩርን ለመገልበጥ ግን የመኪና ቁመት ያለው ድንጋይ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1964 ሬንጀር 7 ጨረቃ ላይ ወድቃ እስክትሰባበር ድረስ 4,308 ፎቶግራፎች ላከች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 አምስት የሉናር ኦርቢተር መንኮራኩሮች ጨረቃን እየዞሩ አነሡ። የናሳ ባለሙያዎች ከእነዚህ ፎቶግራፎች የመሬቱን ዳገት በድምቀት ስሌት እያወጡ ለማረፊያ የማይሆኑትን ቦታዎች ጣሉ።

የማረፊያው ሰዓትም በጥላ የተመረጠ ነበር። ፀሐይ በጣም ዝቅ ካለች ሁሉም ጨለማ ይሆናል፤ በጣም ከፍ ካለች ድንጋዩና ጉድጓዱ ከአቧራው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ አፖሎዎች የሚያርፉት ፀሐይ ከአድማስ ከ5 እስከ 14 ዲግሪ ባለው ከፍታ ላይ ሳለች እንዲሆን ታቀደ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1961፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ አፖሎ 11 ሲያርፍ ፀሐይ በዚያ ቦታ 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ነበረች። ኒል አርምስትሮንግ ኮምፒውተሩ ወደ ድንጋያማ ጉድጓድ እየወሰደው መሆኑን አይቶ መሪውን በእጁ ይዞ አለፈው። ድንጋዮቹን ለይቶ ያሳየው ያ የጠዋት ብርሃን ነው።

ሌዘርና ጥላ ሲተባበሩ

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሉናር ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር ጨረቃን ትዞራለች። በላይዋ የተጫነው ሎላ የሚባለው መሣሪያ በሰከንድ 28 ጊዜ ሌዘር ይልካል፤ እያንዳንዱ ምት በአምስት ጨረር ተከፍሎ መሬቱን ይነካል፣ የተመለሰበት ጊዜ ተለክቶ ከፍታ ይሆናል። በዚህ መንገድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ተለክተዋል። ከእነዚህና ከጃፓኗ ካጉያ መንኮራኩር ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ2015 የተሠራው ካርታ የጨረቃን አብዛኛውን ክፍል በ60 ሜትር ርቀት እየከፋፈለ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር በሚሆን ስሕተት ከፍታውን ይሰጣል።

ታዲያ ጥላና ድምቀት ለምን ያስፈልጋሉ? ሌዘሩ የሚነካው በመስመር ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል፣ በተለይ በወገብ አካባቢ። የዚያችው መንኮራኩር ካሜራ ግን ግማሽ ሜትር የሚሆን ነገር ይለያል። ስለዚህ ሁለቱ ይጋባሉ። ሌዘሩ ትልቁን ከፍታ ይቸነክራል፤ ድምቀቱ በችንካሮቹ መካከል ያለውን ጥቃቅን ነገር ይሞላል። የአንዱ ድክመት የሌላው ብርታት ነው፤ ድምቀት በረጅም ርቀት የሚያከማቸውን ስሕተት ሌዘሩ ያርመዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦሌግ አሌክሳንድሮቭና ሮስ ባየር ያሳተሙት ዘዴ ብዙ ፎቶግራፎችን፣ እያንዳንዳቸው በተለያየ የፀሐይ አቅጣጫ የተነሡትን፣ በአንድነት ያሰላል። ፕሮግራሙ ኤምስ ስቴሪዮ ፓይፕላይን ይባላል፤ በነፃ ይገኛል።

የዚህ ሁሉ ሥራ የዛሬ ግብ የጨረቃ ደቡብ ዋልታ ነው። የጨረቃ ዘንግ የሚያዘነብለው 1.5 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በዋልታው ፀሐይ ሁልጊዜ አድማሱን ታክካ ትዞራለች። ፀሐይ በ1.5 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሳለች 1 ሜትር የሚሆን ድንጋይ 38 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ 10 ሜትር ጉብታ 380 ሜትር። ጥላ በአቃቂና በበርሊን ረዳት ነበር፤ እዚያ ግን ሲበዛ ጋሬጣ ይሆናል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 2025 ኢንቱዪቲቭ ማሽንስ የተባለው ኩባንያ አቴና የምትባለውን መንኮራኩር በደቡብ ዋልታ አቅራቢያ ሞንስ ሙተን ላይ ሊያሳርፍ ሲሞክር በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ በጎኗ ወደቀች። ኩባንያው ከዘረዘራቸው ምክንያቶች መካከል የከፍታ መለኪያ ሌዘሩ ችግርና ዝቅተኛዋ ፀሐይ የፈጠረቻቸው ረጃጅም ጥላዎች ይገኛሉ። መሬቱ ከሰማይ ተነሥቶ ሲታይና ከቅርብ ሲታይ አልመሳሰል አለ።

ከዚያም የባሰ አለ። ዋልታው ላይ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ፀሐይ ያልነካቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ውኃ በበረዶ መልክ ይገኝባቸዋል ተብለው የሚፈለጉትም እነርሱ ናቸው። ከጥላ ውስጥ ከፍታ ማውጣት የማይቻል ይመስላል። ነገር ግን ከጉድጓዱ ማዶ ያለው የበራ ተራራ ጥቂት ብርሃን ይመልስለታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ጨረቃ በሄደችው የደቡብ ኮሪያ መንኮራኩር ዳኑሪ ላይ የተጫነው ሻዶውካም የተባለ ካሜራ ያንን ደካማ ብርሃን አንሥቶ የጉድጓዶቹን ወለል ያሳያል። ብርሃኑ ከአንድ ነጥብ ሳይሆን ከሰፊ የተራራ ግድግዳ ስለሚመጣ ድምቀትን ወደ ዳገት መቀየር በጣም ይከብዳል፤ ባለሙያዎች አሁን እየሠሩበት ያሉት አንዱ ጥያቄ ይህ ነው።

ከአቃቂ ምን ይቻላል?

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ባዶ እጅ አይደለችም። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር ስፋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወንጭፋለች። የካርታ ሥራና የሕዋ ምርምርም ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ይገኛሉ። የምድርን ከፍታ የሚለኩና ሰማይን የሚያዩ ባለሙያዎች አንድ ተቋም ውስጥ መሆናቸው ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነው፤ የጨረቃ ፎቶግራፎችና የሌዘር ልኬቶች ለማንም ክፍት ስለሆኑ የሚጠይቁት ኮምፒውተርና ጊዜ ነው።

ትልቁ ዕድል ግን በትምህርት ቤቶች ያለ ይመስላል። የከተማ መብራት ለከዋክብት ጥናት ጠላት ነው፤ እንጦጦንም ያስቸገረው እርሱ ነው። ጨረቃን ግን የአቃቂ ፋብሪካዎች መብራትም የቃሊቲ መናኸሪያ ፓውዛም አይጋርዳትም። 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ጨረቃ ላይ 3 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነገር ይለያል። ከዓይን መመልከቻው ላይ የስልክ ካሜራ ቢደገፍ ፎቶግራፉ ይነሣል።

ጥሩው ኢላማ ኮፐርኒከስ የሚባለው የጨረቃ ጉድጓድ ነው። ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ነው። ጨረቃ በተወለደች በዘጠነኛው ቀን ገደማ ማለዳ ይሆንለታል። በፎቶግራፉ ላይ የጨረቃ ዲያሜትር 2,000 ፒክስል ከሆነ አንዷ ፒክስል 1.74 ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች። ፀሐይ እዚያ ቦታ በ10 ዲግሪ ላይ ስትሆን የምሥራቁ ጠርዝ ወደ ወለሉ የሚጥለው ጥላ 21.5 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 12 ፒክስል ገደማ ይሆናል። ተማሪው ፒክስሉን ይቆጥራል፣ በ1.74 ያባዛል፣ በ10 ዲግሪ ታንጀንት፣ በ0.176፣ ደግሞ ያባዛል። በቆጠራው አንዲት ፒክስል ቢስት ውጤቱ በ300 ሜትር ይዛባል፤ ስለዚህ ብዙ ፎቶግራፍ አንሥቶ አማካዩን መውሰድ ይበጃል።

አንድ ምሽት ላይ መቆየትም ዋጋ አለው። ጨረቃ ላይ ፀሐይ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ትወጣለች። ፀሐይ 5 ዲግሪ ላይ ሳለች 1 ኪሎ ሜትር ቁመት ያለው ተራራ 11.4 ኪሎ ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ 6.5 ዲግሪ ስትደርስ ጥላው 8.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከሁለቱም የሚወጣው ቁመት አንድ ካልሆነ ወይ ፒክስሉ በትክክል አልተቆጠረም፣ ወይ ጥላው ያረፈበት መሬት ሜዳ አይደለም። ሁለተኛው ከሆነ ተማሪው የወለሉን ተዳፋት አገኘ ማለት ነው፤ ትክክል መሆኑንም ከሎላ ካርታ ጋር አስተያይቶ በዚያው ምሽት ማረጋገጥ ይችላል።